እግርና የጋማ ከብት፤ ስለ አምበር ሀገር የመጓጓዣ ታሪክ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መንገደኛ የዓባይን በረሓ ወርዶና ወጥቶ፣ ደጀንንና ሉማሜን አልፎ፣ ወደ ጎጃም መናገሻ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በአስፋልቱ ግራና ቀኝ የተዘረጋች አንዲት ትንሽ ከተማ ያገኛል፤ ይህችም የአነደድ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው አምበር ናት። በስተ ሰሜን የጮቄ ተራራ ደጋ፣ በስተ ደቡብ ወደ ዓባይ ሸለቆ እያዘቀዘቀ የሚወርደው ቆላ ስለሚያዋስኗት የሁለቱም ሀገር ሰው በመካከሏ ሲመላለስ የኖረባት ስፍራ ናት፤ ነገር ግን በአውቶቡስ መስኮት የሚመለከታት ሰው ከአስፋልቱ ሌላ መንገድ ያላት አይመስለውም። የመንገድ ታሪካችንን የጻፉልን ሰዎችም አብዛኞቹ እንደዚሁ መንገደኛ ናቸው፤ ዘመኑን መቁጠር የሚጀምሩት መኪና ከገባበት ቀን ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ብዙ መቶ ዓመት «መንገድ አልነበረም» ብለው በአንድ ቃል ያልፉታል። እኔ ግን መንገድ ነበረ እላለሁ፤ መንገዱም እስከ ዛሬ አለ፤ ከአምበር ገጠር ሕዝብ የሚበዛው ዛሬም የሚውልበት እርሱ ስለ ሆነ ታሪኩ ሊጻፍ የሚገባው አላፊ ነገር እንደ ሆነ ተቆጥሮ አይደለም።

የጥንቱን ጎዳና ለማወቅ የሚሻ ሰው ዐይኑን አስቀድሞ ከአስፋልቱ አንሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ባሶ መመለስ ይገባዋል። በ19ኛው መቶ ዓመት የባሶ ገበያ ከዓባይ ወዲህ ካሉት የደቡብ ጎጃም ገበያዎች ሁሉ የገነነ ነበር፤ ከእናርያና ከጅማ፣ ከዚያም አልፎ ከካፋ የሚነሡት ሲራራ ነጋዴዎች ቡናውን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ወርቁንና ዝባዱን በጋማ ከብት ጭነው፣ የዓባይን መሻገሪያ ተሻግረው እዚያ ይሰፍሩ ነበር። ከሰሜን የሚመጣው ነጋዴ ደግሞ አሞሌ ጨውና የባሕር ማዶ ጨርቅ ይዞ ይጠብቃቸው ነበር። በዚያው ጎዳና ላይ በሰንሰለት እየተነዱ የተሸጡ ሰዎችም እንዳለፉበት ሳይነገር የሚቀር ታሪክ እውነተኛ ታሪክ ሊሆን አይችልም። በ1834 ዓ.ም ገደማ ቻርልስ ቢክ የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ በዚህ አካባቢ ተቀምጦ የገበያውን ሁኔታ ለሀገሩ ሰዎች ጽፏል። ከባሶ የተነሣው ጭነት በጎጃም በኩል ሽቅብ ወጥቶ፣ በይፋግና በጎንደር አድርጎ፣ አንዱ ወደ መተማ ሌላው ወደ ምጽዋ ይወርድ ነበር። በየመንገዱም ኬላ ነበረ፤ በየኬላው ነጋድራሱ ያቆማቸው ቀራጮች ጭነቱን እያስቆሙ ግብሩን ይቀበሉ ስለ ነበር፣ ነጋዴው የመንገዱን ርዝመት የሚለካው በቀን ጉዞ ብቻ ሳይሆን በኬላው ብዛት ጭምር ነበር።

ይህ ጎዳና ፊቱን ከሰሜን ወደ ደቡብ እንዴት እንዳዞረ መመርመር እጅግ ጠቃሚ ነው፤ አምበርን የመሳሰሉት ስፍራዎች የዋና መንገድ ዳር ሊሆኑ የቻሉት ከዚያ ለውጥ የተነሣ ነውና። በ1877 ዓ.ም ጣሊያን ምጽዋን ያዘ። በ1880 ዓ.ም የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በሳር ውኃ ጦርነት ከሱዳን በመጣው ደርቡሽ ድል ሆኑ፤ ጎንደርም ተቃጠለች። በሚቀጥለውም ዓመት ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ወደቁ፤ በመተማ በኩል የነበረው ንግድም ሰላሙን አጥቶ ደከመ። በዚሁ ዘመን አዲስ አበባ ተመሠረተች፤ በ1909 ዓ.ም የጅቡቲው ምድር ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ የጎጃም ነጋዴ ከባሕር ወደብ የሚያገናኘው አጭሩ መንገድ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ሸዋ የሚወጣው እንደ ሆነ የማያጠራጥር ሆነ። ባቡሩ በጎጃም ምድር አንዲት ስንዝር ሐዲድ ሳይዘረጋ የጎጃምን የበቅሎ መንገድ አቅጣጫ ለወጠው ማለት ነው። ይህን ሁሉ በሚገባ ከመረመሩት ጥናቶች አንዱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1972 ዓ.ም ገደማ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የቀረበው፣ ከ1875 እስከ 1928 ዓ.ም ድረስ ስለ ነበረው የጎጃም ንግድና ፖለቲካ የሚያትተው የአብዱሰመድ ሐጂ አህመድ ድርሳን ነው። ይህን ያነሣሁት ለምስጋና ብቻ አይደለም፤ አንድ ተማሪ በመመረቂያ ጽሑፉ የአንድን ሀገር ጎዳናዎች ታሪክ ከመረሳት ሊያድን እንደሚችል የሚያሳይ ምስክር ስለ ሆነ ነው።

በዚያ ጎዳና ላይ የተመላለሰው የጋማ ከብት ማዕርግ ማዕርግ ነበረው። በቅሎ የመኳንንቱ፣ የሊቃውንቱና የባለጸጋው መቀመጫ ነበረች፤ ግላስ የለበሰች፣ እርምጃዋ የተመረጠ ሰጋር በቅሎ ባለቤቷን ሳታንገላታ ገደሉን ትወርዳለች፤ ድንጋያማውንም ዳገት ትወጣለች። ፈረስ ለጦርነትና ለጉግስ ይመረጥ ነበር፤ ዕድሜው ሲገፋ አጋሰስ ሆኖ ጭነት ይሸከማል። ከሁሉ ይልቅ የሠራውና ከሁሉ ይልቅ ሳይመሰገን የኖረው ግን አህያ ነው። እስቲ በገበያ ቀን ማለዳ አንድ የአነደድ ገበሬ አህያውን ሲጭን እንመልከተው፤ አስቀድሞ በጀርባው ላይ ኩርታኑን ያደላድላል፤ ከዚያ በኋላ ልጁን ወይም ጎረቤቱን ጠርቶ በግራና በቀኝ ቆመው የጤፉን ስልቻ፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ ጆንያውን፣ እኩል አንሥተው በአንድ ጊዜ ያሳርፉታል፤ ቀጥሎም ጠፍሩን መጫኛ በሆዱ ሥር አዙረው፣ ጉልበታቸውን በጭነቱ ላይ ተክለው ይስቡታል። ሚዛኑ ጥቂት ወደ አንድ ወገን ያደላ እንደ ሆነ ጭነቱ በመንገድ ይዞራል፤ ኩርታኑ የሳሳ እንደ ሆነ ደግሞ ጀርባው ይገጠባል፤ ገጣባውም ቶሎ የማይድን ስለ ሆነ አህያው ለብዙ ሳምንት ሥራ ይፈታል፤ ቤተ ሰቡም በዚያ ጊዜ ጭነቱን በገዛ ትከሻው ይሸከማል። በእንዲህ ያለ ጥንቃቄና በቂ ልምድ የቆመውን ጥበብ መጓጓዣ አይደለም ብሎ የሚንቅ ሰው ካለ፣ የከተማውን እንጀራ ማን ከማሳ አውጥቶ ለመኪና እንዳደረሰለት ያልጠየቀ ነው።

ሠረገላ ስለ ምን በሀገራችን ሳይለመድ ቀረ ብለው የሚጠይቁ አሉ፤ አንዳንዶቹም ለድንቁርና ይሰጡታል። የሀገሩን መልክ ያየ ሰው ግን እንዲህ አይልም። ከጮቄ የሚፈልቁት ወንዞች ሁሉ፣ ከእነርሱም አንዱ በደብረ ማርቆስ አጠገብ የሚያልፈው ጨሞጋ፣ ምድሩን እየሸረሸሩ ወደ ዓባይ ስለሚወርዱ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው ገደሉን በየጊዜው መውረድና መውጣት ግዴታው ነው፤ ሜዳ በሆነው ስፍራ ደግሞ ጥቁሩ የዋልካ አፈር በክረምት ወራት ጭቃ ሆኖ እግርን ይይዛል። ድልድይ የሌለው መንኮራኩር ምን ያህል ይጠቅማል? ስለዚህ የጎጃም ነገሥታት ከሠረገላ አስቀድመው ድልድይን ፈለጉ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው በተምጫ ወንዝ ሳሊምቤኒ በሚባል ኢጣሊያዊ መሐንዲስ በ1877 ዓ.ም ገደማ የድንጋይ ድልድይ አሠሩ። ከዚያም በፊት በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት፣ በሞጣ በኩል ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኘው የዓባይ ድልድይ ነበረ፤ ይህም በጣሊያን ወረራ ጊዜ ወገቡ ከተቆረጠ በኋላ ሰባራ ድልድይ ተብሎ ሲጠራ፣ ሰው በገመድ ወገቡን ታስሮ፣ ከማዶና ከወዲህ ባሉ ጎበዛዝት እየተሳበ ባዶውን ስፍራ ሲሻገርበት ብዙ ዘመን ኖረ። ለእግረኛ የሚሆን ተንጠልጣይ ድልድይ የተሠራለት በእኛው ዘመን ነው። ለእግረኛ ድልድይ መሥራት እንደ ትንሽ ሥራ መታየቱን ያቆም ዘንድ በሰዎች ክንድ ላይ ነፍሱን አንጠልጥሎ የተሻገረ ገበሬ ምስክርነት ይበቃ ነበር።

ከነጋዴው ሌላ በዚህ ምድር ጎዳናውን ያደመቀው ተማሪ ነው። ጎጃም የቅኔ ሀገር ስለ ሆነ ከትግራይ፣ ከበጌምድር፣ ከወሎና ከሸዋ ቅኔ ፍለጋ የሚመጣው የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ የሚከላከልበትን ዱላ ይዞ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ፣ ከዲማ ወደ ደብረ ኤልያስ ይዞር ነበር። የጉዞው ስንቅ የሕዝቡ ምጽዋት፣ ማደሪያውም የደጀ ሰላሙ ጎጆ ነበር። መሽቶበት ከአንድ በር ላይ ቆሞ የእግዜር እንግዳ ነኝ ሲል፣ እግሩ የሚታጠብበትን ውኃና የሚያርፍበትን መደብ የማይነፍገው የባላገሩ ሥርዓት ያን ሁሉ ጉዞ ተሸክሞት ኖሯል። በ1902 ዓ.ም በደብረ ማርቆስ አጠገብ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል፤ በ1958 ዓ.ም የታተመው ልብ ወለዳቸው ፍቅር እስከ መቃብርም በጎጃምና በሸዋ መካከል በእግር የሚጓዙ ሰዎችን ድካም የሚያውቅ ሰው እንደ ጻፈው ያነበበ ሁሉ ይመሰክራል። መጻሕፍት ጥቂት በነበሩበት ዘመን የቅኔው ሥልት ከአንዱ ሊቅ ወደ ሌላው የተሻገረው በተማሪው እግር ስለ ሆነ፣ የትምህርት ታሪካችን የአንድ ወገኑ የጉዞ ታሪክ ነው።

በመኪናው መንገድ ላይ ብዙ አልዘገይም፤ እርሱ ጸሓፊ አላጣምና። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም ግንቦት ደብረ ማርቆስ ከገባ በኋላ ጦሩን ለማመላለስ ሲል የዓባይን በረሓ በጠመዝማዛ መንገድ ማውረድ ጀመረ፤ በሻፋርታክም በወንዙ ላይ ድልድይ ተሠራ። የጎጃም አርበኞች ግን ያ መንገድ የተሠራው ለማን እንደ ሆነ ስላወቁ፣ ጠላት በመኪና ሲመጣ እነርሱ የእግሩን ዱካ ይዘው ከገደሉ ይጠብቁት ነበር። በ1933 ዓ.ም ደግሞ የሆነው ነገር ለመጓጓዣ ታሪክ ትልቅ ትምህርት ስላለው ላልፈው አልፈቅድም። ከሱዳን የተነሣው፣ በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት የሚመራው ጦር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን አጅቦ ወደ ጎጃም ሲገባ ስንቁንና ጥይቱን ያስጫነው በ15,000 ያህል ግመል ነበር፤ የአሸዋው ምድር ንጉሥ የሆነው ግመል ግን የጎጃምን ዳገትና ብርድ ሊችለው ስላልቻለ ሬሳው መንገዱን ሞላው፤ አዲስ አበባ የደረሱት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። የሀገሩ በቅሎና አህያ በሚሄዱበት ዳገት ግመሉ መውደቁ፣ ማናቸውም መጓጓዣ ከምድሩና ከአየሩ ጋራ የተስማማ ካልሆነ ብዛቱ እንደማይረዳው የሚያስረዳ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ጠላት ሲሸሽ የሻፋርታክን ድልድይ ስላፈረሰው ድልድዩን እንደገና መሥራት የነፃነቱ ዘመን ሥራ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ቶሎ የሚነገር ነው። በ1943 ዓ.ም የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ መንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከጣሊያን የቀረው ትሬንታ ኳትሮ ካሚዮን ከእህሉ ጋራ ሰውንም ከላይ ጭኖ አቧራውን እያስነሣ በጎጃም ጎዳና ተመላለሰ፤ የሀገሩ ሽማግሎች ድምፁን ከሩቅ ለይተው ያውቁት ነበር። አውቶቡሱ፣ አይሱዙውና ሚኒባሱ በየተራ መጡ፤ በ2000 ዓ.ም መጨረሻ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የኅዳሴ ድልድይ በአሮጌው የዓባይ ድልድይ አጠገብ ተመረቀ። ዛሬ በማለዳ ከአምበር የተነሣ ሰው ከቀትር በኋላ አዲስ አበባ ሊደርስ ይችላል። ለአያቱ ግን ስንቁን ቋጥሮ፣ በሸኚዎቹ ተስሞ ተሰናብቶ፣ ብዙ ሌሊት በሰው ቤት አድሮ የሚደርስበት ጉዞ ነበር።

ነገር ግን አስፋልቱ ያልደረሰበት ጉዞ አለ፤ እርሱም የየዕለቱ ነው። ከአምበር ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ የምትኖር አንዲት እናት በአንድ ሳምንት ውስጥ የምትሄደውን መንገድ ብንቆጥረው፣ ከመኪናው መንገድ ጋራ የሚገናኘው ጥቂቱ ብቻ ነው። ውኃው ከምንጭ በጀርባዋ ይመጣል፤ የቀድሞው እንስራ ወደ ፕላስቲክ ጀሪካን ቢለወጥም የውኃው ክብደት አልተለወጠም። ማገዶው በጀርባዋ ነው፤ ወፍጮ ቤት የሚወሰደውም እህል አህያ ከሌላት በጀርባዋ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሕፃኑ ከፊት ይታቀፋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛኒያ ማኬቴ በሚባል ወረዳ የተደረገ አንድ ጥናት፣ የገጠር ቤተ ሰብ ከሚሄደው ጉዞ የሚበዛው ከመኪና መንገድ ውጭ፣ ለውኃ፣ ለማገዶና ለወፍጮ፣ በእግርና በሸክም የሚደረግ እንደ ሆነ፣ ከሸክሙም የሚበዛው በሴቶች ላይ እንደሚወድቅ ገልጧል። ስለ ገጠር መጓጓዣ የሚያስቡ ሊቃውንት ከመንገዱ ይልቅ ተጓዡን መቁጠር የጀመሩት ከእንዲህ ያለ ጥናት ወዲህ ነው። በእኛም ሀገር ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ታላቅ ሥራ ተጀምሮ ነበር፤ ሥራው የሚመሰገን ነው፤ መንገድ ያገኘ ቀበሌ ሁሉ ግን መኪና አግኝቷል ማለት አይደለም።

የታመመ ሰው የሚጓዝበትን ቃሬዛ ያየ ይህን ነገር ሳይነገረው ይረዳዋል። ሁለት ረዣዥም እንጨቶች በጎንና በጎን ተኝተው፣ በመካከላቸው ጠፍር ወይም ገመድ ተወጥሮ፣ በላዩ ላይ ምንጣፍና ጋቢ ተነጥፎ በሽተኛው ወይም ምጥ የያዛት ሴት ትተኛበታለች። አራት ሰዎች በትከሻቸው ያነሡታል፤ ከኋላ የሚከተሉት ጎረቤቶች ሳይጠሩ፣ የደከመውን ትከሻ አይተው ጉዞውን ሳያቆሙ እየገቡ ይተካሉ። በዳገቱ ላይ የበሽተኛው ራስ ወደ ታች እንዳያዘነብል ከፊት ያሉት ዝቅ፣ ከኋላ ያሉት ከፍ አድርገው ይይዛሉ፤ ወንዙ የሞላ እንደ ሆነ ደግሞ እስኪጎድል ከዳር ይቆማሉ፤ በዚያን ጊዜ የሚሆነውን ያየ ሰው ከቶ አይረሳውም። ቃሬዛ በክፉ ቀን ሁሉ የሚደርስ የኅብረት መጓጓዣ ሲሆን፣ የሚያንቀሳቅሰው እድርና ጉርብትና ነው፤ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል፤ አምቡላንስ የሚረከበው ከዚያ በኋላ ነው።

በከተሞቹ ውስጥስ? ጋሪው ገባ። ከመኪና የወጣ ጎማና የብረት ዘንግ ላይ እንጨት ተደላድሎ በአንድ ፈረስ የሚሳበው ጋሪ በደብረ ማርቆስም በየመንገዱ ዳር ከተሞችም ሰውንና ሸክምን ከመናኸሪያ ወደ ቤት፣ ከገበያ ወደ ወፍጮ ሲያደርስ ኖሯል። ከዚያ በኋላ ባጃጅ መጣ፤ ፈጣን ነው፤ ዝናብም ያስጠልላል፤ ነገር ግን ቤንዚኑ ከውጭ በምንዛሪ የሚገዛ ሲሆን የፈረሱ መኖ ከአነደድ ማሳ የሚታጨድ ነው። ባሕር ዳር በብስክሌቷ የታወቀች ከተማ መሆኗን ያየ ሰው፣ ሜዳ በሆኑት የጎጃም ከተሞች ብስክሌት ስለ ምን ይህን ያህል እንዳልተስፋፋ መጠየቁ አይቀርም። በአዲስ አበባም ቢሆን ከጉዞው ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው፤ ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ በአንዳንድ እሑዶች ጎዳናውን ከመኪና የሚያሳርፈው «መንገድ ለሰው» የተባለው ዕለት ይህንኑ እውነት ለአንድ ቀን አደባባይ ያወጣዋል።

ይህ ሁሉ እያለ፣ ስለ ዘላቂ መጓጓዣ ለማጥናት የሚፈልጉ ተማሪዎች ርእስ አጣን ሲሉ እሰማለሁ። በ1957 ዓ.ም የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ሲልክ፣ በ1967 ዓ.ም ደግሞ ወደ 60,000 የሚጠጋ ተማሪና መምህር ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲወርድ፣ ያ ሁሉ ወጣት የሀገሩን ዱካ በእግሩ ረግጦ አውቆት ነበር፤ በየሰው ልብ የቀረው ግን በወረቀት ከሰፈረው እጅግ ይበልጣል። በ1999 ዓ.ም ማስተማር የጀመረው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለዚህ የሚሆነውን መስክ በቅርቡ አለው። በገበያ ቀን ማለዳ ወደ አምበር በሚያስገቡት ዱካዎች ዳር ተቀምጦ ማን በምን እንደሚመጣ ቢጽፍ፣ የእናቶችን ሸክም በሚዛን ቢለካ፣ ያው ሰው በነሐሴና በጥር የሚሄድበትን ጊዜ ቢያወዳድር፣ የትኛው ወንዝ ስንት ቀን ልጆችን ከትምህርት ቤት እንደሚያስቀር ከመምህራኑ መዝገብ ጋራ ቢያስተያይ፣ የመንገድ መሐንዲሱ የእግረኛ ድልድይ በየት ቢሠራ የተሻለ እንደሚሆን የሚያውቅበት ሰነድ ይገኛል። የአህያውን ገጣባ ከእንስሳት ሐኪም ተማሪ ጋራ ቢመረምር፣ ከኩርታኑ አሠራር የሚመጣውን ጕዳት ከሸክሙ ብዛት ከሚመጣው ለይቶ ያሳያል፤ ኩርታን የሚሠራው ባለሙያም በመንደሩ ስላለ መፍትሔው ሩቅ አይሆንም። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሽማግሎቹን ይጠይቅ፤ ከዓባይ ማዶ በበቅሎ የነገዱት፣ በቃሬዛ ሰው ያደረሱት፣ ትሬንታ ኳትሮ ላይ የተሳፈሩት አባቶችና እናቶች ዕድሜያቸው እየገፋ ነውና፣ የመሻገሪያዎቹን ስም፣ የማደሪያዎቹን ስፍራ፣ የጭነቱን ልክና የኬላዎቹን ወግ ከአንደበታቸው ለመጻፍ የቀረው ጊዜ አጭር ነው።